የጀርመን አጠጣጥ በኤረር በር

አንባቢዬ፣ ጀርመንን ከጋሽ ታደሰ በላይ የሚያውቅ ሰው ይኖራል? እኔስ አይመስለኝም። እሳቸው ግን ከድሬዳዋ አልፈው አያውቁም። ኤረር በር በሚባለው የከተማችን የግንብ በር አጠገብ ካለች ግሮሰሪ ተቀምጠው፣ ጀርመን ለሚሄድ ሁሉ የመጠጥ ሕግ ያስተምራሉ። «ብርጭቆ ስታጋጭ የሰውየውን ዓይን ካላየህ ነውር ነው!» ይላሉ። ቢራው እስኪሞቅ ተፋጥጠን ስንለማመድ፣ እንግዳ ሰው ጠብ የተነሳ መስሎት ጠርሙሱን ታቅፎ ይሸሻል።

ያስተማሯቸው ሁሉ ሄደው ቀሩ። ትናንት ተራው የእኔ ሆነ። ሻንጣዬን ከእግሬ ሥር አድርጌ ለስንብት ብርጭቆ አጋጨን። ጋሽ ታደሰ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ጋሼ፣ ዓይኔን ይዩኝ እንጂ!» አልኳቸው።

«ሕጉ ለሚሄድ ሰው ነው» አሉኝ፤ «እዚህ ለሚቀር አይደለም።»