ክቡር ዓብዱረዛቅና ስልጆአቸው

ጅቡቲ ውስጥ በየሰፈሩ፣ አንድ ሰሞን ከሄደበት አገር እስከ ዛሬ ያልተመለሰ ሰው አለ። ሥጋው እዚህ ይነግዳል፤ ነፍሱ እዚያ ትንሸራሸራለች።

የእኛ የአርሂባ ሰፈሩ ክቡር ዓብዱረዛቅ ናቸው፤ የድሬዳዋ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ። በሚሌኒየሙ ዓመት ጎንደርን አንዴ ጎብኝተው መጡ። ከዚያ ወዲህ የተጠበሰ ዓሣ ቢቀርብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «አይ ጎንደር!» ነው። ሙቀቱ ሲያነደን «አይ ጎንደር!» መብራት ሲጠፋ «አይ ጎንደር!» እዚያም መብራት እንደሚጠፋ የሚነግራቸው ደፋር አልተገኘም። ፀሐይ ባሕሩ ላይ ስትወርድ ከደመናው ግንብ እየሠሩ ያንጎራጉራሉ፦

ግንቡንስ አየሁት፣ አለ በቦታው፤
ልቤ ነው የጠፋኝ፣ ጓዳ የገባው።

«የማን ጓዳ?» ስንላቸው ጨርቃቸውን ማጣጠፍ ይጀምራሉ። ሚስታቸው ፈትያ «ጎንደር የምትባል ጣውንት አለችብኝ» ትላለች።

ባለፈው ሐምሌ ደብሪቱ የምትባል ጎንደሬ ጎረቤታችን ሆነች። ክቡርነታቸው «ስልጆ አቀምስሻለሁ!» ብለው ተነሡ። ሱፉን ከባቄላ ዱቄት ጋር አብስለው፣ ሰናፍጭ ጨምረው፣ እዚያ እንደነገሯቸው ሳምንት ከደኑት። የደጋ ሳምንት፣ በጅቡቲ ሐምሌ! ክዳኑ በማግሥቱ ተፈናጥሮ ጣሪያ መታ። እሳቸው መልሰው ከደኑት፤ ከሳምንቱ አንዲት ቀን አላጎደሉም።

ሰፈሩ ለመሳቅ ተሰበሰበ። ያ ሁሉ ዓመት የሰማነው ጎንደር እውነት ይሁን ቅዠት፣ የሚፈርድ ምላስ ተገኝቷላ! ደብሪቱ ቀመሰች። ፊቷ ተኮማተረ።

«ጋሼ፣ ስልጆ የበሉት የት ነው?»

አንገታቸውን ደፉ። «አውቶቡስ ላይ የተዋወቅኳት ሴት ቤት። የፍስክ ቀን ነበር፤ ዶሮው ደርሷል። ሙስሊም መሆኔን ስታውቅ ወጡን ወደ ጓዳ መለሰችው። ለጾም ያሰናዳችውን ስልጆ አወጣች። ባሏም ልጆቿም ዶሯቸውን ትተው ከእኔ ጋር ስልጆ በሉ። ‹እንግዳ ለብቻው አናበላም› አለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳት።»

ሳቃችንን ዋጥን።

«ተይው ልጄ፣ ተበላሽቷል» አሉ፣ ሳህኑን ሊያነሡ።

«ይተዉት እንጂ!» እጃቸውን ያዘች። ወደ እኛ ዞረች፦ «እናንተስ ምን ይገትራችኋል? ብቻዬን ልበላ ነው?»

እጃችንን ታጥበን ከበብን። ፈትያ እንጀራ ጨመረች። እንደዚያ የሚኮመጥጥ ነገር በሕይወቴ በልቼ አላውቅም። ሁለቴ አስጨመርኩ።