ባለፋይሏ ትምጣ

በየትኛውም ትምህርት ቤት ከርዕሰ መምህሩ በላይ የሚፈሩ አንድ ሰው አይጠፉም፤ እሳቸውም የሪከርድ ክፍል ኃላፊ ናቸው። የአዋሽ ሰባት ኪሎዋ ክብርት ወይዘሮ ቦጋለች ይባላሉ። የመደርደሪያውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በመስኮቱ ብረት በኩል ሰውን ሁሉ እንደ ሌባ እያዩ፣ አንድ ነገር ብቻ ይናገራሉ። «ባለፋይሉ ይምጣ!»

የሚወራባቸው አያልቅም። ባላቸው አቶ አስናቀ ባቡር ጣቢያ የሚሠሩ ትዕግስተኛ ሰው ናቸው። አንድ ቀን እራት ላይ «ለመሆኑ አቡሽ አለፈ?» ብለው ስለ ልጃቸው ቢጠይቁ፣ «የመሥሪያ ቤት ነገር ቤቴ አይገባም» ተባሉ አሉ። በማግስቱ ተሰልፈው መስኮቱ ጋ ደረሱ።

«ሙሉ ስም?»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አስናቀ ነኛ!»

«ለተማሪው ምኑ ነዎት?»

አንቱታው ነው የገደላቸው። መታወቂያ አሳይተው፣ ወላጅነታቸው ተረጋግጦ፣ የልጃቸውን ማለፍ ሰሙ። ከዚያ ሁለቱም ለምሳ አብረው ወደ ቤት ሄዱ።

የትምህርት ቤቱን የቀድሞ ተማሪ ፋኢዛን ግን ይህ ቀልድ አላሳቃትም። ሰመራ ላይ ሥራ አግኝታ ትራንስክሪፕት አምጪ ተብላለች። ሹፌሩ ወንድሟ ቶፊቅ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ፣ ተሳቢውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ገትሮ ሊያወጣላት ገባ።

«ወላሂ ወንድሟ ነኝ!»

«እሰይ፣ ያኑራችሁ። ባለፋይሏ ትምጣ፣ ካልሆነ ውክልና ትስጥህ።»

«ጎረቤታችን ነበረች እኮ!» ብላ ፋኢዛ ቶፊቅ ደውሎ ሲነግራት ስልኩ ላይ ጮኸች። ምርጫ የላትም፤ መንገዱን ሙሉ ስድብ እየመረጠች አዋሽ ገባች።

ደግሞም ያ ፋይል ውስጥ ውስጡን ያስጨንቃታል። እናቷ ታማ በሞተችበት ዓመት ስምንተኛ ክፍልን ደግማለች። ይህን ለእጮኛዋ አልነገረችውም። ቤተሰቦቹ ደግሞ «ምን የመሰለች ጎበዝ ተማሪ ነበረች!» እያሉ ለዘመድ ሁሉ ያወሩላታል። ዛሬ ነገ ስትል ጊዜው ሄደባት።

ሰልፉ ላይ ከፊቷ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«አብዱናሲር እባላለሁ፤ ከጭፍራ ነው የመጣሁት» አሉ መስኮቱ ላይ ተደግፈው። «ፋኢዛ የምትባል ልጅ እዚህ ተምራለች። የወንድሜ ልጅ ሊያገባት ነው። ክፍል ደግማለች ይባላል፤ እውነት ነው?»

ፋኢዛ የእጮኛዋ አጎት መሆናቸው ገባት። ሰውየው መልኳን አያውቁትም፤ ወይዘሮ ቦጋለች ግን ያውቁታል። በሽማግሌው ትከሻ ላይ አሻግረው አዩዋት። ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም።

«አባቴ፣ እንዲህ የምትባል ልጅ እዚህ መማሯንም አለመማሯንም አልነግርዎትም።»

«እህቴ፣ ለደግ ነገር ነው እኮ! ጋብቻ ነው!»

«ጋብቻ ከሆነ ልጅቷን ይጠይቋት። አፍ የላትም? ቀጣይ!»

የፋኢዛ ስድብ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

«እትዬ ቦጋለች...»

«መታወቂያ!»

በሁለት እጇ ሰጠች። ጉዳይዋን ልትናገር ስትጀምር፣ ወይዘሮ ቦጋለች «ቀስ ብለሽ፣ ሰው ይሰማል» አሏት። ትራንስክሪፕቱ የታሸገበትን ፖስታ ሲያቀብሏት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናትሽ ይህን ብታይ እንዴት ደስ ባላት ነበር።» ወዲያው ደግሞ «ቀጣይ!» ብለው ጮኹ።

አብዱናሲር በር ላይ ባጃጅ ይጠብቃሉ። ፋኢዛ ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ፋኢዛ እኔ ነኝ። እናቴ የሞተችበት ዓመት ስምንተኛን ደግሜያለሁ። ለእጮኛዬም አሁን ደውዬ እነግረዋለሁ። ሌላ ጥያቄ ካለዎት ይኸው፣ ባለፋይሏ መጥታለች።»

ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ቢይዙም ሳቃቸው አመለጣቸው። «ማሻአላህ! ምላስሽስ ክፍል አልደገመም!» ቀጥለውም ሳቃቸውን ገቱ። «እናትሽን አላህ ይማራት፣ ልጄ። ለእሱ ግን ቶሎ ደውዪለት።»

ደወለችለት። አልተቆጣም፤ «ይህን ሁሉ ጊዜ ለብቻሽ መሸከምሽ ነው ያሳዘነኝ» አላት።

ወደ ሰመራ ስትመለስ ቶፊቅ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ ደወለ።

«እህስ፣ ያቺ ክፉ ሴትዮ ሰጠችሽ?»

«ክፉ እንዳትላት!» ቱግ አለች። «እንደሷ የምወደው ሰው የለም!»

«እንዴ! ምን አድርጋልሽ ነው?»

ፋኢዛ ፖስታውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ሳቀች።

«አልነግርህም። አንተ ባለፋይሏ አይደለህም።»