ጋሽ ታከለ እና ያልተገኘው ቅንጣት

አንባቢ ሆይ፣ ሁሉን የሚያውቅ ጎረቤት አለዎት? እኔ አለኝ። ጋሽ ታከለ ይባላሉ፤ ከጎንደር መጥተው እዚህ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ኪርያት አርዬ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ፋብሪካ ሲሠሩ ያልመከሩት መሐንዲስ አልነበረም፤ ማን ጠይቋቸው እንደሆነ እንጃ።

ባለፈው ሰንበት ምሳ ጋበዙኝ። ፊዚክስ የምታጠናው ልጃቸው ኦሪትም መጥታለች።

“ያን ነገር አገኛችሁት?” አሏት።

“ገና ነው አባ። ሂግስ የሚባለውን ቅንጣት የሚመስል አዲስ ቅንጣትና የማይታየው የጨለማ ቁስ ምልክት ነው የምንፈልገው። ቅንጣቶችን የሚያላትመው አዲሱ ማሽን ራሱ ገና አልተሠራም።”

“መቼ ሊሠራ?”

“ምናልባት እኔ ሳረጅ።”

“የማይታይ ነገር በሌለ ማሽን! ይኼም ሥራ ተብሎ!” ብለው ሳቁ። እኔም ምሳቸውን እየበላሁ ምን ላድርግ፣ አብሬ ሳቅሁ። ኦሪት አቀረቀረች።

ባለቤታቸው እትዬ ትርንጎ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። “አባትህ ጎንደር ሆነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወዳላዩዋት ኢየሩሳሌም ሲጸልዩ ስቀህባቸው ነበር?”

ጋሽ ታከለ ወንበራቸውን ወደ ኦሪት አዞሩ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊማሩ ሳይሆን አይቀርም። “በሰደር፣ እሺ፤ እስቲ ከመጀመሪያው አስረጂኝ” አሏት።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ አገኘኋቸው። “የጨለማ ቁስን ልጄ ታገኘዋለች፤ እናንተ ብቻ ማሽኑን ቶሎ ሥሩ!” እያሉ ሾፌሩን ይቆጣሉ።