የገደል ቁጥር ሰባት ነገር

የገደሎች ጥበቃና መዝናኛ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ለዐሥር ሩብ ጉዳይ
ቦታ፦ የመሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አልከፈት ያለው አዳራሽ
የተገኙ፦ ሰብሳቢው፣ ካርታ ሠሪዋ፣ የገደል መውጣት አሠልጣኙ፣ የወፎች ጠበቃ እማማ ጭልፊት (ስሙን ያወጣላቸው ሠራተኛው ነው)፣ ጸሐፊዋ
ያልተገኙ፦ ምክትል ሰብሳቢው፤ ከፍታ ያዞራቸዋል። ያለ እርሳቸውም ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የሕንፃው ቀለም

ሰብሳቢው የውጭው ግድግዳ ከነገ ጀምሮ እንዲቀባ ጠየቁ፤ ቀለም ቀቢውም ባልዲውን ይዞ ኮሪደር ላይ እንደሚጠብቅ አስታወቁ። እማማ ጭልፊት ከዚሁ አዳራሽ መስኮት ሥር ጭልፊት ጫጩቶች መፈልፈሏን፣ መሰላል ከተጠጋ እናትየው ጥላቸው እንደምትጠፋ ገልጸው፣ "እስኪበሩ አንድ ወር ቢቀራቸው ነው፤ ግድግዳው እንደሆነ የትም አይሄድ" አሉ። ሰብሳቢው ይህ የገደል እንጂ የግድግዳ ኮሚቴ አይደለም ሲሉ መለሱ። "ታዲያ ቀለሙ እዚህ ምን ይሠራል?" የሚለው የእማማ ጭልፊት ጥያቄ ከአጀንዳ ውጭ ተባለ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቀለሙ ነገ እንዲጀመር በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። እማማ ጭልፊት ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አጀንዳ 2፦ ከሳተላይት ምስል የተሠራው የገደሎች ካርታ

ካርታ ሠሪዋ ሰባት ገደሎች መገኘታቸውን፣ የወፍ ጎጆ ያለበት በቀይ ነጥብ መለየቱን ገለጹ። ስለ ቁጥር ሰባት ማብራሪያ አለኝ ሲሉ ግን፣ ማብራሪያ በ"ልዩ ልዩ" ሥር እንደሚሰጥ ተነገራቸው።

አሠልጣኙ ቁጥር ሰባትን ከካርታው ላይ ገና ሲያዩት ወደዱት። እንዲህ ቀጥ ያለ፣ መርገጫው በእኩል የተደረደረ፣ ከታክሲ ሲወርዱ ፊት ለፊት የሚገኝ ገደል "ለጀማሪ ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው" ብለው፣ ቅዳሜ ተማሪዎቻቸውን በገመድ ሊያወጡበት ጠየቁ። ካርታ ሠሪዋ እጃቸውን አወጡ፤ ተራ እንዲጠብቁ ተደረገ።

ሰብሳቢው፣ እማማ ጭልፊት አኩርፈው እንዳይቀሩ ብለው ይመስላል፣ ቀይ ነጥብ ስላለበት ቁጥር ሰባት ለወፎች ይተው አሉ። አሠልጣኙ "ኧረ ጋሼ፣ የቀሩት እኮ ሩቅ ናቸው" ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ገደል ቁጥር ሰባት ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ እንዲዘጋ፣ ሰብሳቢውን ጨምሮ ማንም ሰው በመቶ ሜትር ውስጥ ዝር እንዳይል ተወሰነ። "ሰብሳቢውን ጨምሮ" የሚለው የገባው በራሳቸው በሰብሳቢው ጥያቄ ነው።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ካርታ ሠሪዋ ተራቸው ደረሰ። ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ የቆመውን ሁሉ ገደል እንደሚል፣ ሕንፃና ተራራ እንደማይለይ፣ ገደል ቁጥር ሰባትም አሁን የተቀመጥንበት ሕንፃ መሆኑን አብራሩ።

አሠልጣኙ በመስኮቱ ቁልቁል ካዩ በኋላ፣ አሁንም ቢሆን ጥሩ ገደል ነው የሚል አስተያየት ሰጡ። እማማ ጭልፊት ለሰብሳቢው፣ "በሉ ጌታዬ፣ ቦርሳዎን ያንሡ። ከመቶ ሜትር ወዲያ ጥሩ ካፌ አለ" አሉ።

ሰብሳቢው ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ። እማማ ጭልፊት ሁለት እጃቸውን አንሥተው ደገፉ። ጸሐፊዋ "ሁሉ" ሲባል አጀንዳ 1ንም ይጨምር እንደሆነ ጠየቀች። ሰብሳቢው ቦርሳቸውን አንቀው እንደያዙ፣ "ሁሉም ማለት ሁሉም ነው፣ ጻፊው" አሉ። ተጻፈ።

ውሳኔ፦ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ቀለሙም ጭምር፣ ተሽሯል። ሰብሳቢው ራሳቸው ባረቀቁት ደንብ መሠረት የተሻረ ጉዳይ ሁለት ወር ሳይሞላው ዳግም አይነሣም።

ስብሰባው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። ቀለም ቀቢውን ያሰናበቱት እማማ ጭልፊት ናቸው፤ ባልዲውን እንዳያንኳኳ በጣታቸው ምልክት ሰጥተው።