በሞቴ የማይባልበት አገር

[ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር፤ ዘጠናዎቹ ውስጥ። ጣሰው ስለዚህ ሰፈር ልዩ ልዩ ሕዝቦች ኑሮ የማስተርስ ጥናት ይሠራል፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ራሱ እንደሚለው። ምስኪኑ ሚሊዮን አብሮት የሚኖር ጓደኛው ነው፤ መቅረጫ ቴፕ ይሸከምለታል፣ ነገር ቶሎ አይገባውም። ገና ገብተው የሚጠይቁት ብዙ ቤት ይቀራቸዋል፤ ጥናቱ ደግሞ ዓርብ ካልገባ ጣሰው ያለ ዲግሪ አገሩ መመለሱ ነው። አሁን ከአንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት ቤት ወጥተው ደረጃው ላይ ይጨቃጨቃሉ።]

ጣሰው፦ ብስኩቱን ለምን እንቢ አልክ?

ሚሊዮን፦ እንቢ አላልኩም! «አይ፣ በልቻለሁ» ነው ያልኩት።

ጣሰው፦ ሳትበላ?

ሚሊዮን፦ ታዲያ ገና ሲጋበዙ ዘሎ መቀበል ነውር አይደለም? ሲደግሙኝ ላነሳ ነበር።

ጣሰው፦ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደኑታ!

ሚሊዮን፦ እሱ እኮ ነው የገረመኝ። አንዴ እንኳ «በሞቴ» ሳይሉ?

ጣሰው፦ ለአንድ ብስኩት ይሙቱልህ? እዚህ አገር «አይ» ካልክ አይ ነው! ጥናት ማለት ይህን መለየት ነው።

ሚሊዮን፦ ትናንት ቱርካዊቷ እናት ጋ ግን እንቢ ባልን ቁጥር ሳህን ይጨመር ነበር።

ጣሰው፦ ያ ሌላ ባህል ነዋ! ደግሞ የሆድህ ጩኸት ቴፑ ላይ ገብቷል። አሁን እኚህ አሮጊት ስለ ባላቸው ሞት ሲናገሩ ያንተ አንጀት «ጉርርር» ይላል!

ሚሊዮን፦ [ሆዱን እያሻሸ] አብሮ አዝኖ ነው።

ጣሰው፦ ከእንግዲህ ሆላንዶች ሲሰጡህ በቋንቋቸው «ያ!» ብለህ ተቀበል፤ እሺ ማለት ነው።

ሚሊዮን፦ ቱርክ ጋ እንቢ፣ ሆላንድ ጋ ያ። ገባኝ። ለመሆኑ ጠዋት ፕሮፌሰሯ ጋ ሄድክ? ጊዜ እንዲጨምሩልህ?

ጣሰው፦ [ሻርፑን ያስተካክላል] እ... ሄጄ ነበር።

ሚሊዮን፦ እሳቸውም ሆላንድ ናቸው አይደል?

ጣሰው፦ ናቸው። «አንድ ወር ልጨምርልህ?» አሉኝ።

ሚሊዮን፦ እልልል! ዳንን!

ጣሰው፦ «ኧረ ምን አስቸገርኩዎት፣ ይቅር» አልኳቸው።

ሚሊዮን፦ ምን አልክ?

ጣሰው፦ በጨዋ ደንብ ነዋ! ከዚያ ደግመው እስኪሉኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው።

ሚሊዮን፦ አሉህ?

ጣሰው፦ ካፖርታቸውን ለበሱ።

ሚሊዮን፦ [አፉን ይዞ] ከደኑታ!

[ጣሰው ደረጃው ላይ ዘጭ ይላል።]

ሚሊዮን፦ ተነሥ! አሁኑኑ ደውልና «ያ» በላቸው።

ጣሰው፦ አይ፣ ይቅርብኝ። አፍራለሁ።

ሚሊዮን፦ ኧረ ደውል!

ጣሰው፦ አይሆንም፣ ተወኝ።

ሚሊዮን፦ በሞቴ!

ጣሰው፦ [ብድግ ብሎ ሱሪውን እያራገፈ] እንግዲህ እንዲህ ከለመንከኝማ ምን አደርጋለሁ!