ዘህራና ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ

እናንተ ሰፈርስ የውሃ ቦቴ ጥሩምባ ሲሰማ ብርድ ልብስ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው አለ? እኛ ሀርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር ውስጥ ነበረን። ያኔ ከተማዋ ከጦርነቱ ፍርስራሽ እየተነሳች ስለነበር ሁሉም ሰው ውሃ የሚፈልገው ለሲሚንቶ ነው። ድሬዳዋ ያደገችው ጎረቤቴ ዘህራ ግን ውሃ ካየች ማጠብ አለባት።

አንድ ቀን ጠዋት ነብር የተሳለበትን ወፍራም ብርድ ልብሷን ትልቁ ሳፋ ውስጥ ነከረችው። ሁለታችንም ቀሚሳችንን ሰብስበን ገባንና እየሳቅን ረገጥነው። ያ ነብር የጠጣውን ውሃ ግመል ቢያይ ያፍር ነበር። ልንጨምቀው ብንታገል አቃተን። ገመድ ላይ ስንሰቅለው ደግሞ ገመዱ ተበጠሰ።

«አጥሩ ላይ እናስጣው» አለች። ባሏ አደም የብሎኬቱን አጥር ገንብቶ የጨረሰው ገና ትናንት ማታ ነበር።

«ሲሚንቶው አልደረቀም እኮ» አልኳት።

«አደም ራሱ ውሃ አጠጡት ብሎ የለ? ወላሂ፣ በአንድ ድካም ሁለት ሥራ ነው።»

እስቲ የትኛው መሐንዲስ ይህን ያስባል? አመንኳትና አንዱን ጫፍ ይዤ ወረወርኩ። አጥሩ ትንሽ አሰበበት፤ ከዚያ ከነነብሩ ተኛ።

በሲሚንቶ የተለወሰውን ብርድ ልብስ አንስተን በርሜል ላይ ጣልነው። ፀሐዩ ሥራውን ሠራ። አመሻሽ ላይ በርሜሉን ከሥሩ ስናወጣው ብርድ ልብሱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አደም ከሥራ ሲመለስ የወደቀውን አጥር አየ፤ የቆመውን ብርድ ልብስም አየ። ዞሮት በጣቱ አንኳኳው።

«ዘህራ» አላት ረጋ ብሎ፣ «ይሄኛው እዚሁ ይቁም። የወደቀውን እጠቢው።»