የጋሽ ታደለ ሣርና የእኛ መርዶ

አዲስ አበባ ሳላችሁ ሣር የሚዘራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በእኛ ሰፈር ሣር ራሱ ነበር የሚመጣው። ክረምቱ ወጣ ሲል በአጥሩ ሥር፣ በደጃፉ፣ ሰው በማይረግጠው ጥጋጥግ ሁሉ ያለ ጠሪ ይበቅላል። ለማጨዱ እንለመን ነበር እንጂ መዝራት የሚባለውን ማን ያስበዋል? ሰው ለሣር ዘር ሲገዛ፣ ውሃ ሲያጠጣ፣ ቅጠል ሲለቅምለት፣ እንደ አራስ ጎንበስ ቀና ሲልለት ያየሁት እዚህ ስዊዘርላንድ መጥቼ ነው። ያውም የሰፈሬን ልጅ!

ጋሽ ታደለ የታላቅ ወንድሜ እኩያ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተራ በተራ አገር ለቀን ስንወጣ እኔን ዕጣዬ ጄኔቭ፣ እሱን ዙሪክ ጣለን። የሆስፒታል ልብስ ሲያጥብ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ሽዋመንዲንገን የሚባል የዙሪክ ሰፈር ውስጥ የምድር ቤት ደረሰው፤ ከኋላው ደግሞ ለራሱ የተሰጠች አንዲት ቁራሽ ሣር። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ስለ መንግሥት ስትጠይቁት ስለ ማዳበሪያ ይመልስላችኋል።

እሱን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እትዬ ዘውዴ ናት። እውነቱን ለመናገር እኔንም አሳድጋኛለች፤ እናቴ ሥራ ስትውል ምሳዬን የምበላው እሷ ግቢ ነበር። ሣሩ ላይ በጀርባችን ተንጋልለን ደመና ስናይ፣ እሷ ልብስ እያሰጣች «እናንተ ሥራ ፈቶች!» ትለናለች። ስድቧ ይጣፍጥ ነበር። ያ ግቢ፣ ያ የእርጥብ ሣር ሽታ፣ ያ መርፌ የሚመስል ድምፅዋ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ባለፈው ዓመት ሄርብስት የሚሉት ወቅት ገብቶ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ እትዬ ዘውዴ አረፈች። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለወይዘሮ አልማዝ ነው። አልማዝን ካላወቃችኋት፣ አፎልተርን ሰፈር የምትኖር፣ የዙሪክ ሐበሻ ሠርግም ለቅሶም ያለ እሷ የማይሆንለት ሴት ናት። ለእኔ ደውላ ቆረጠች፦ «በስልክ ይስማ? አይሆንም! ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚረዳው።»

ልክ ናት። ግን በዚህ ዘመን ጎህ እስኪቀድ ማን ይጠብቀናል? ድሮ መርዶ ከመርዶ ነጋሪው አይቀድምም ነበር፤ አሁን ግን አንዱ የእህት ልጅ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጥፍና ሰውዬው ኩሽናው ውስጥ ብቻውን ድንች እየላጠ ይረዳል። የፈራነው ይህንን ነው። ስለዚህ እስኪተኛ ድረስ ስልኩን የሚይዝበት ሰው ተፈለገ። ዕጣው ለእኔ ወጣ።

በባቡር መጥቼ አልማዝ ሳሎን ውስጥ ተቀመጥኩና ጄኔቭ ያለሁ መስዬ ደወልኩ። ምን ልበለው? ከሁሉ የሚወደውን መረጥኩ።

«ጋሼ፣ ሣር ልዘራ አስቤ ምክርህን ፈልጌ ነው።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው አራተኛ ፎቅ እንደምኖር ትዝ ያለኝ። ደረጃዬን ስንቴ እያለከለከ ወጥቶት ያውቃል! ጋሽ ታደለ ግን ፎቁን አላነሳብኝም። ወዲያው ጀመረ።

የዚህ አገር ሣር ብርድ ወዳድ ነው አለኝ፤ በበጋው ሙቀት ተኝቶ ይከርምና ሄርብስት ሲገባ ይነቃል። መጀመሪያ ደረቁን ከሥሩ አበጥረህ ታወጣለህ። አፈሩ ሙቀቱን ሳይጨርስ ዘሩን ትበትናለህ፤ እስኪበቅል ድረስ ማንም አይረግጠውም። የወደቀ ቅጠል አታሳድርበት፣ ይታፈናል። የመጨረሻውን አጨዳ ደግሞ እንዳታሳጥረው፣ ብርዱን የሚችለው ትንሽ ለብሶ ሲከርም ነው። እኔ እህ እላለሁ፤ አልማዝ አጠገቤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ጥያቄ ሲያልቅብኝ እሱ ይቀጥላል። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ውሃ፣ ከዚያ ሳናስበው ስለዚያ ግቢ። «እሷ እኮ አንድ ቀን ዘርታው አታውቅም፤ ስትረግመው ነበር የሚበቅለው» አለና ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

ንጋት ላይ ተሰባስበን ሄድን። በፊት ለፊት ደወል ብንደውል ሕንፃው ሁሉ ይነሳል፤ ስዊሶች ደግሞ ያለ ሰዓቱ የተሰማን ድምፅ በቀላሉ አያልፉትም። ስለዚህ በኋላ ዞርን። በኋላ መዞር ማለት አዲስ በተዘራው አፈር ላይ መሄድ ማለት ነው። በጫማ ጫፍ ለመራመድ ሞከርን፤ የባሰ ሰመጥን።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገባን። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ ከጎረቤት ተለምነው የመጡም አሉባቸው። ጋሽ ታደለ ጥቁር ኮቱን ለብሶ መሀል ተቀምጧል። ያዘጋጀነውን ቃል ሳንጀምር፣ እሱ ጭቃ የያዘ ጫማችንን አየና «ዘሬን ረግጣችሁት መጣችሁ» አለ። ከዚያ «እህቴን!» ብሎ ጮኸ፤ እኛም ተከተልነው።

ሰው ከተረጋጋ በኋላ ጠጋ ብዬ መቼ እንደሰማ ጠየቅሁት።

«ትናንት፣ አንተ ሳትደውል። የእህቴ ልጅ ነገረኝ። ብቻዬን ላለቅስላት አልፈለግሁም፤ እንደምትመጡ ደግሞ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ስለ ሣር ለምን አወራኸኝ? አትዘጋውም ነበር?»

«ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ» አለ። «ለአንተም እኮ እናት ነበረች። ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው።»